ዶሃ ላይ የሚጠብቅ አልጋ

ሶሊያና ከሆስፒታል ተረኝነቷ ወጥታ፣ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ወደሚገኘው የኪራይ ቤታቸው ስትገባ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ውሃው ይንዠቀዠቅ ነበር።

«ኤሌኒ! ለእኔም ተይልኝ እንጂ! የሚቀጥለው የውሃ ፈረቃ መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለች እየሳቀች።

በሩን ገፋ አደረገችው።

ኤሌኒ በሁለት ቢጫ ጀሪካኖች መካከል፣ ፎጣ እንዳገለደመች፣ ባዶ እግሯን ወድቃለች። ከበላይዋ የሻወር ማሞቂያው ሽቦ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ስልኳ ውሃው ውስጥ ተዘፍቋል። ሶሊያና ሮጣ ቆጣሪውን አጠፋችና ተመልሳ አንገቷን ዳበሰች። ነርስ ናትና ብዙ ሬሳ ነክታለች። ባልንጀራዋ ቀዝቅዛለች።

«ኮረንቲ ያዛት» አለ ሰፈሩ። ሶሊያናም አብራ «ኮረንቲ ያዛት» አለች። ያን ባዶ እግር ባየች ጊዜ ግን ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ትዝ ብሏት ነበር።

ሁለቱ ነርሶች ረቡዕ ጠዋት አብረው ወደ ዶሃ ሊበሩ ነበር። እዚያ የሚገኝ የግል ሆስፒታል ቀጥሯቸዋል፤ የሠራተኛ መኖሪያ የሚሰጣቸው ግን ከአንድ ወር በኋላ ነው። በሰው አገር ያንን የመጀመሪያ ወር የት እንደሚያርፉ ሲጨነቁ፣ ፒያሳ ላይ ቢሮ ከፍቶ ለተጓዦች ማረፊያ የሚፈልገው አቢ ደረሰላቸው። የክፍሉን ፎቶ ላከላቸው፦ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣ ነጭ አልጋ፣ የሚያብረቀርቅ መታጠቢያ ቤት። ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ እዚያ የሚያደርሳቸው ሰውም አለ አላቸው።

አሁን ያ ሰው የሚቀበለው ሶሊያናን ብቻ ነው። አስከሬኑ ከቤት በወጣ በሰዓቱ አቢ ደወለላት።

«አይዞሽ እህቴ። ጉዞሽን እንዳትሰርዢ፣ ሥራው ያመልጥሻል። አልጋሽ ይጠብቅሻል።»

ማጽናናቱ ነበር። ሶሊያና ግን ስልኩን ስትዘጋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሰኞ፣ ከቀብር መልስ፣ ኢንስፔክተር ወርቅውሃ መጣች። አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ የጃናሞራ ሴት ናት። ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኛው ጋር ጥቂት ተቀመጠችና የቤቱን ባለቤት ወይዘሮ ሽታዬን ወደ ሳሎን ጠራቻቸው። ሶሊያና ውሃ ለማቅረብ ገብታ እዚያው ቆመች።

«እትዬ ሽታዬ፣ ምነው ነጠላዎ አጠረብዎ?»

«የልጄ ነው። የእኔው… የት እንዳደረግሁት ጠፋኝ።»

«ይገኛል። እሑድ ጠዋት ኤሌኒ የት ነበረች?»

«እቤቷ ነዋ! የት ትሄዳለች?» አሉ ሴትዮዋ ቶሎ ብለው። «እኔ ሰንበቴ ሄጄ ነው ይህ ጉድ የወረደብኝ።»

ቀጥሎ ስማቸው የተባለው ወጣት ገባ። ዛሪማ የሚያስተምር፣ የኤሌኒ እጮኛ ነው። ዓይኑ አብጧል።

«እንድትሄድ አትፈልግም ነበር ይባላል።»

«እውነት ነው። ለምኛት ነበር። ግን ብትሄድም እጠብቃት ነበር።»

«እሑድ ጠዋት አግኝተሃታል?»

«አላገኘኋትም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

አቢ ሦስት እሽግ ውሃ አሸክሞ ለልቅሶ መጥቶ ነበር። ሲጠራ ፈጥኖ ገባና እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«እሑድ ጠዋት ኤሌኒ የት ነበረች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኢንስፔክተር? ሰው በዕረፍት ቀኑ ተኝቶ ያረፍዳል፤ ተነሥቶ ይታጠባል። የዕድል ነገር ነው።»

በመጨረሻ የሶሊያና ተራ ደረሰ።

«ልጄ፣ ነይ አጠገቤ። እሑድ ጠዋት የት ነበረች?»

«ተኝታ… መሰለኝ። እኔ ተረኛ ነበርኩ።»

«ቅዳሜ ተጣልታችኋል ብለውኛል፣ እትዬ ሽታዬ።»

«ስለ ማረፊያው ነው። ‹እዚያ ቤት አንገባም፤ ሆስፒታሉ አጠገብ ሌላ እንፈልግ› አለችኝ። እኔ ደግሞ ‹ቅንጡ! አሥራ አራተኛ ፎቅ አንሶሽ ነው?› አልኳት። ምክንያቷን ብጠይቃት፣ ‹ከእሑድ በኋላ እነግርሻለሁ፤ ሳላጣራ የሰው ስም አላነሣም› አለች።»

«ምነው ከእሑድ በኋላ?»

ሶሊያና ከንፈሯን ነከሰች። ወርቅውሃ አልጎተጎተቻትም። ይልቅ ፎቶውን አሳዪኝ አለቻት፤ ስልኩን ተቀብላ የመታጠቢያ ቤቱን በሁለት ጣቶቿ አሰፋችውና ብዙ አየችው።

«ሸጋ ነው። ዶሃ ውሃ በፈረቃ ነው እንዴ?»

«በፈረቃ? ኧረ እኔ እንጃ…»

«እንዲያው ነው። ረቡዕ ትሄጃለሽ?»

«እፈራለሁ» አለች ሶሊያና። ከእሑድ ጀምሮ የልቧን ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። «መቅረቱንም እፈራለሁ፣ መሄዱንም እፈራለሁ።»

ማክሰኞ ሠልስት ሆነ። ወርቅውሃ አራቱን ሳሎን ውስጥ ሰብስባ፣ አንዱን ፖሊስ በሩ ላይ አቆመችው። ሶሊያና ከአቢ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ሻንጣዋ ተዘግቶ ጥግ ላይ ቆሟል።

«ኤሌኒን ኮረንቲ አልገደላትም» አለች ወርቅውሃ። «ከቀብር በፊት ሐኪም መርምሯታል። ታፍና ነው የሞተችው።»

ሽታዬ ደረታቸውን መቱ።

«ቆዩ እትዬ። ከትናንት ጀምሮ የገረመኝ አንድ ነገር አለ። ልጅቱን አብዝተው የሚወዱ ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ጠዋት ዋሹኝ። ‹እቤቷ ነበረች›፣ ‹አላገኘኋትም›፣ ‹ተኝታ መሰለኝ›። የሚገድል ሰው ስለ ግድያው ሰዓት ይዋሻል፤ እናንተ ግን የዋሻችሁት ስለ ማለዳው ነው። እሑድ ማለዳ ደግሞ ሰው የት ይሄዳል? የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ኤሌኒ እሑድ ቆርባለች።»

ስማቸው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«አብሬያት አስቀድሻለሁ» አለ። «እዚህ በር ድረስ ሸኝቻት ሄድኩ። በኋላ ሻወር ውስጥ ሞተች ሲሉኝ… ሥጋ ወደሙን ተቀብላ ገላዋን ታጠበች ብለው እንዳያሟት ብዬ…»

«እኔም!» አሉ ሽታዬ። «ነጠላዬን ያዋስኳት እኔ ነኝ። ልጅቱ ሞታ ደግሞ ስሟ ይነሣ?»

ሶሊያና እንባዋ ወረደ። ሦስቱም አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ያንኑ አንድ ነገር ደብቀዋል።

«ፈረዳችሁባት» አለች ወርቅውሃ፣ ሳትቆጣ። «የቆረበ ሰው በባዶ እግሩ አይሄድም፤ ገላውንም አይታጠብም። ‹እሷ ይህን አታደርግም› ማለት ነበረባችሁ፤ እናንተ ግን ‹አድርጋዋለች፣ እንሸፍንላት› አላችሁ። ያቺን ልጅ ሻወር ሥር ያስተኛት ሰው መቁረቧን የማያውቅ ሰው ነው። እናንተ ሦስታችሁ ታውቁ ነበር።»

ሁሉም ወደ አቢ ዞሩ። አቢ ፈገግ አለ።

«የማያውቅ ሰውማ ሙሉ ጎንደር ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ሸጋ ብለሃል። ሶሊያና፣ ፎቶውን አውጪው። መታጠቢያ ቤቱን። መስታወቱ ውስጥ ምን ይታይሻል?»

«በሩ። ከበሩ ኋላ… አፉ በሰማያዊ ፌስታል የተወተፈ ጀሪካን።»

«ስንቴ አይተሽዋል?»

«ስንቴ! ግን ጀሪካን ነው እኮ…» አለችና ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

«አዎ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጀሪካን ያየ ጎንደሬ ምን ይገርመዋል? የሌለው ቤት የታል? ለዚህ ነው ፎቶውን ያነሣውም ያላየው፣ እናንተም ያላያችሁት። ዶሃ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ግን ውሃ አጠራቅሞ፣ ክዳኑ ቢጠፋበት በሰማያዊ ፌስታል ወትፎ ምን ያደርግለታል? ኤሌኒ ይህን ልብ አለች። ግን በሰው ላይ ሳታጣራ ተናግራ መቁረብ አልፈለገችም። ስለዚህ ከቁርባን መልስ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ፎቶውን የላከውን ራሱን ነው። እሑድ ከረፋዱ የደወለችልህ መሆኑን ከቴሌ አይቻለሁ፣ አቢ።»

«ደወለች። ስለ ትኬት ነው።»

«ዛሬ ጠዋት በፍርድ ቤት ፈቃድ ቤትህን ፈተሽን። መታጠቢያ ቤትህ ያማረ ነው፤ ለልጆቹ የላክኸው ፎቶ የእሱው ነው። ጀሪካኑ ከነፌስታሉ ከበሩ ኋላ ቆሟል። አጠገቡ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ውስጥ በበረኪና የተዘፈዘፈ ነጠላ።»

ፖሊሱ የላስቲክ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሽታዬ ጥለቱን ገና ከሩቅ አወቁት።

«የእኔ ነው! የእኔው ነው!»

«ከቁርባን ወጥታ አፏን የሸፈነችበት ነው» አለች ወርቅውሃ። «እትዬ ሽታዬ ሰንበቴ ሳሉ እዚህ መጥተህ በዚያው አፈንካት። ከአፏ የወጣ ደም ስለነካው ትተኸው መውጣት ፈራህ።»

የአቢ ፈገግታ አሁንም ፊቱ ላይ ነበር፤ ባለቤቱ ትቶት እንደሄደ ቤት። «ሄለንን በስልክ ካላገናኘኸኝ ለፖሊስ እነግራለሁ አለች» አለ ቀስ ብሎ። «ዝም ብትል ኖሮ…»

ሄለንን ሶሊያና ታውቃታለች። አምና በአቢ በኩል ሄዳ፣ ከደረሰች ወዲህ ድምጿ ያልተሰማ የእንፍራንዝ ልጅ ናት።

«ሄለን የት ናት?» አለች ወርቅውሃ። «ልጆቹን የሚቀበለው ሰውዬስ የት ነው የሚወስዳቸው?»

አቢ አልመለሰም። እጁን በካቴና አስረው ሲያወጡት በሶሊያና አጠገብ አለፈ፤ እሷም ግድግዳውን ተደግፋ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ነገ ማታ ልትተኛበት የነበረውን ክፍል በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። በሩ ከውጭ ነበር የሚቆለፈው።

ወርቅውሃ ወደ በሩ እየሄደች ዞር አለች። «ሆስፒታሉ እውነተኛ ነው፤ አጣርቻለሁ። ቀጠሮሽን እንዲያራዝሙልሽ ጠይቂያቸው። ማረፊያሽን ግን አይቶት በሚያውቅ ሰው በኩል ምረጪ። ሄለንን ሳላገኝ እኔም አላርፍም።»

ሦስቱ ወደ ድንኳኑ ወጡ። ለቀስተኛው አቢ ሲወሰድ አይቶ ይንሾካሾክ ነበር። ሶሊያና መሐል ላይ ቆመች።

«ኤሌኒ እሑድ ቆርባ ነበር» አለች፣ ሁሉም እስኪሰማት ጮክ ብላ። «አልታጠበችም። ገድለው ነው እዚያ ያስተኟት። እኛ ስሟን የጠበቅን መስሎን ደበቅን።»

ማንም ነውር ነው አላለም። ኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «በቆረበች ቀን!» አሉ። «ታድላ፣ ልጄ። ታድላ።»