አራተኛው ጠብታ

«የፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አገሮች የነፃ ዝውውር ኮሚቴ በብራቫ ደሴት ባደረገው ስብሰባ፣ የፍየል አይብና የፓፓያ ማርመላታ ተለያይተው ሳይሆን አንድ ላይ እንዲቀርቡ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በታላቅ ኩራት ያስታውቃል።»

ውሳኔው ታሪካዊ ነበር። ኮሚቴው በተቋቋመ በአሥራ አንድ ዓመቱ ያለ ልዩነት የተስማማበት የመጀመሪያው ጉዳይ ነውና። ሊቀመንበሩ፣ የሊዝበኑ ሴኞር ባልታዛር ኪንቴላ፣ ለዚሁ ክብር ብርጭቋቸውን አነሡ፤ ፖንቼ የሚባለውን ጣፋጭ አረቄ ግማሹን ጨልጠው ግማሹን ወለሉ ላይ ደፉና አይቡ ላይ በግንባራቸው ተደፉ። አልተነሡም።

ይህ የሆነው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ነው። ባሕሩ ከተቆጣ አራተኛ ቀኑ ነበር። መርከብ የለም፤ አውሮፕላን ደሴቲቱ ላይ አያርፍም፤ ጭጋጉም የሆቴሉ መስኮት ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ ብሏል። የደሴቲቱ ፖሊስ አዛዥ ጠርሙሱ ውስጥ የአይጥ መርዝ አግኝቶ ምርመራውን በሩብ ሰዓት አጠናቀቀና ፖንቼውን የጠመቁትን ሽማግሌ ምግብ አብሳይ፣ አባባ ቶይን፣ መጋዘን ውስጥ ቆለፈባቸው። ነገ መርከብ ይመጣል ተብሏል። ልዑካኑ በዲፕሎማት ፓስፖርት ወደየቤታቸው፣ አባባ ቶይ በካቴና ወደ ዋና ከተማው ፕራያ ወህኒ።

ዙልሚራ ሞንቴይሮ የፕራያ ወንጀል መርማሪ ናት። ለእህቷ ልጅ ክርስትና መጥታ እሷም እዚሁ ተቀርቅራለች። ያላት ጊዜ እስከ ነገ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

«ልጄ፣ ሰው ብገድል በገዛ ፖንቼዬ እገድላለሁ?» አሉ አባባ ቶይ በበሩ ስንጥቅ። «የስድሳ ዓመት ስሜን ላጠፋ?»

«ጠርሙሱ የት ዋለ?»

«ጠዋት ራሴ ቀምሼ የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እነሱ ሲጨቃጨቁ ከፊታቸው ነበር።»

«የአይጥ መርዙስ?»

«ደረጃው ሥር። ትናንት ብራዚላዊቷ አይጥ አየሁ ብላ ወንበር ላይ ስትወጣ ሁሉም እያዩ ነው ያወጣሁት።»

ብራዚላዊቷ ዶና ኢራሲ ክፍሏ ውስጥ ሻንጣዋን ለሦስተኛ ጊዜ እያሰረች ነበር።

«ለአራታችንም ተቀድቶ ነበር የኔ ቆንጆ። ግን ሊቀመንበሩ ሳይጠጣ ማንም ከንፈሩን አያርስም። አንቀጽ አራት! አሥራ አንድ ዓመት ስረግመው የኖርኩት አንቀጽ አተረፈኝ።»

የሞዛምቢኩ ዶክተር ኛንቱምቦ ቃለ ጉባኤውን እያጠራ አገኘችው።

«ኪንቴላን ማን ይጠላቸው ነበር?»

«ቪዛ ጠይቆ የሚያውቅ ሁሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጊኒ ቢሳዉ አውሬሊኖ እናት የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። ሕሙማን ሊዝበን በነፃ ገብተው ይታከሙ የሚለውን ስምምነት ሦስታችን ፈረምን። ኪንቴላ ግን ‹በሚቀጥለው ስብሰባ› እያሉ አቆዩት። አሮጊቷ ባለፈው ፋሲካ ሞቱ።»

አውሬሊኖ ጁ በረንዳው ላይ ቆሞ የማይታየውን ባሕር ያያል። እሷ ሳትጠይቀው እሱ ጠየቀ።

«ሽማግሌው እራት በልተዋል?»

ዙልሚራ ጥያቄውን ይዛ ወደ ምግብ አዳራሹ ተመለሰችና ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። ውሃ በባልዲ ተቆጥሮ ስለሚታደል ወለሉ ከተወለወለ ሳምንት አልፎታል። በሊቀመንበሩ ወንበር ሥር፣ በፈሰሰው ፖንቼ ዙሪያ፣ ጉንዳኖች ረግፈዋል። በአውሬሊኖ ወንበር ሥር ደግሞ ሦስት የደረቁ ጣፋጭ ጠብታዎች አሉ፤ እዚያ ያሉት ጉንዳኖች በሰልፍ ይመላለሳሉ፤ አንዱም አልሞተም።

ወደ መጋዘኑ ሮጠች።

«አባባ ቶይ፣ ወለል ላይ የሚያፈሰው ማነው?»

«የቢሳዉው። ገና እንደተቀዳለት፣ ሊቀመንበሩ እንኳ ሳይጠጡ፣ ለሟች እናቱ ጠብ ያደርግላታል። በየምሳው። ወለሌን አበላሸው እንጂ የተባረከ ልጅ ነው።»

ጠዋት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። አባባ ቶይም በፖሊስ ታጅበው መጡ።

«ጠርሙሱን የመረዘው፣ ሊቀመንበሩ ቀድሞ ጠጥቶ ሲወድቅ ሌላው እንደማይነካው ያውቃል» አለች ዙልሚራ። «ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ ወለሉን እንጠይቅ። አራት ምሳ በላችሁ። ሴኞር አውሬሊኖ፣ እርስዎ ሦስቱን ቀን ለእናትዎ አፈሰሱላቸው። በአራተኛው፣ ማንም ስለ መርዝ ሳያውቅ፣ ነፈጓቸው። አፍስሰው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ጉንዳኖች እንደነዚያ ይሞቱ ነበር። ለእናትዎ መርዝ ማጠጣት አልሆነልዎትም።»

«ረሳሁ» አለ አውሬሊኖ።

«ለኮካ ኮላ እንኳ የማትረሳ!» አለች ዶና ኢራሲ፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ከጭጋጉ ውስጥ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ።

«ረስተው ከሆነ መልካም» አለች ዙልሚራ። «ጉንዳን ፍርድ ቤት አይቆምም። ሻንጣዎን ይያዙ። አዛዡም ሥራውን ይሥራ።»

አዛዡ ካቴናውን አወጣ። አባባ ቶይ ዱቄት ያልለቀቀ እጃቸውን ዘረጉ። አውሬሊኖ የሽማግሌውን እጆች አየ።

«አዲስ ጠርሙስ አለ?» አለ በመጨረሻ።

ሽማግሌው በልማዳቸው ሮጠው ከኩሽና አመጡለት። አውሬሊኖ ቀዳ፤ ጎንበስ ብሎ ከሦስተኛው ጠብታ ጎን አራተኛውን አፈሰሰ።

«እሳቸውን ልቀቋቸው» አለና እጆቹን ለአዛዡ ሰጠ።

ዶክተር ኛንቱምቦ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ብዕሩን ከፈተ።

«ለቃለ ጉባኤው ያህል፣ የተከበሩ ልዑክ ምክንያታቸውን ቢያብራሩልን?»

«አላብራራም» አለ አውሬሊኖ።