ገዢ የሚያባርረው ቤት

ቤቱ ዛሬም ድልድዩን አውጥቶ ተቀበላት።

ሐመልማል ጀልባዋን አስራ ገና ሳሎኑን ከመርገጧ የምሥራቁ ግድግዳ እንደ ሊጥ ሳሳና ተከፈተ፤ ከሥሩም አንድ የእግር ድልድይ በውሃው ላይ እየተሳበ ወደ ጎረቤት ማደግ ጀመረ። በሐይቁ ሰፈር ግድግዳ ሲያድግ ማየት ብርቅ አይደለም። ቤቱ ሁሉ ተንሳፋፊ ነው፤ ግድግዳውም «አዳጊ» የሚባለው፣ ሲያዙት መስኮት ሲያዙት መደርደሪያ የሚሆነው ዓይነት ነው። ችግሩ ይህን ድልድይ ያዘዘ ሰው አለመኖሩ ነው።

«ምን በድዬህ ነው አንተ?» አለች ግድግዳውን በመዳፏ እየመታች። «ዛሬን እንኳ ብታርፍ ምን አለበት!»

ቤቱ አላረፈም። ሳሎኑን የሞላው ሙዚቃ ቀስ ብሎ ጠፋ። ብርሃኑ ደበዘዘ። ያ የሚያምር ሶፋ ወለሉ ውስጥ ሰጠመና በምትኩ ከየግድግዳው ሥር ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ብቅ ብቅ አሉ። ሳሎኑ ባንዴ የለቅሶ ቤት መሰለ።

ሐመልማል እንከን ነቃይ ናት። ሥራዋ ለሽያጭ ከወጣ ቤት ላይ ገዢ የሚያሸሸውን ነገር መንቀል ነው። መቼም ሰው ቤት ሲገዛ የማይጠላው የለም። አንዱ ኩሽናው መግቢያው ላይ ነው ብሎ ያኮርፋል። አንዷ መኝታ ቤቱ የጠዋት ፀሐይ የለውም ትላለች። ከምግብ ጠረጴዛው የመጸዳጃው በር ይታያል ብሎ ጥሎ የሄደም አለ፤ እሱስ እውነቱን ነው። ሐመልማል ለሁሉም መላ አታጣም፤ በሩን ታዞራለች፣ ግድግዳውን ታሰፋለች፣ የጎረቤትን ሳል ታፍናለች። ከክረምት ወዲህማ ያልነካችው ቤት የለም። አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች፤ ምሳዋን ቆማ ትበላለች፤ ባልደረቦቿ «ይቺ ልጅ መቀመጫዋን ማን ሰረቃት?» እያሉ ይቀልዱባታል።

ይህ ቤት ግን አሸነፋት። ገዢ ባመጣች ቁጥር ሳሎኑን ለቅሶ ቤት ያደርገዋል። ገዢዎቹም፣ ብዙዎቹ አዲስ ተጋቢዎች፣ አግዳሚዎቹን አይተው «ቤቱ ይከብዳል» ይሉና ውልቅ ይላሉ። የጎደለ ዕቃ መስሏት ግድግዳውን ፈታ ገጥማዋለች። ቤቱ ምንም አልጎደለውም።

ድልድዩ ማዶ ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ጋሽ ላሚሶ መጡ። ከጎን ያለው ቤት ነዋሪ፣ ዕድሜ የጠገቡ አዛውንት ናቸው። በግራ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በቀኛቸው በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዘዋል። ሳህኑ ውስጥ ያለውን ሐመልማል ሳታየውም ታውቀዋለች፤ ንፍሮ ነው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ዛሬስ ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም ጋሼ! ስንቴ ልንገርዎት? ቤቱ ተበላሽቶ ነው።»

«እሱን ብለሽኛል።»

«ታዲያ ለምን ይለፋሉ? ንፍሮውስ?»

«ድልድይ ተዘርግቶልኝ እቤቴ ቁጭ ልበል? ነውር አይደለም እንዴ!» ሳህኑን አግዳሚው ላይ አኖሩና ፊቷን ትንሽ አዩት። «ማንም ካልሞተ እሰየው። ካስፈለግሁ ማዶ ነኝ።»

ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ተመለሱ። ሐመልማል ሳህኑን አንስታ የት እንደምትደብቀው ግራ ገባት።

የአለቃዋ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ የመጣው ያኔ ነው። «ሐመልማል፣ ሰዎቹ እየመጡ ነው። ይህን ከሸጥሽ የዳሎል ዝውውርሽ ጸድቋል፤ ነገ መብረር ትችያለሽ። ካልሸጥሽው ግን ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ከዚህ በላይ አልጠብቅም።»

«እሸጠዋለሁ፣ አቶ ይድነቃቸው።»

ዳሎል ጨው ላይ የተሠራ አዲስ ከተማ ነው። ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ሁሉም መጤ ነው። ሐመልማል በሕይወቷ እንደዚህ የፈለገችው አገር የለም። «ማንም የማያውቀኝ ቦታ» እያለች ስሙን ብቻ ስትጠራው ደረቷ ቀለል ይላታል።

አንድ መፍትሔ ቀርቷት ነበር፤ የቤቱን ልቡና ማጠብ። ልቡና የሚባለው ወለሉ ውስጥ የተዘረጋው የቤቱ አእምሮ ነው፤ የነዋሪውን አረማመድ፣ ትንፋሽና የልብ ምት እያዳመጠ ቤቱን ከሰዉ ጋር ያስማማል። ከታጠበ ሁሉንም ይረሳል። ነገር ግን ሻጯ እትዬ አስካለ ልቡናው እንዳይነካ ቃል አስገብተው ነው ቤቱን የሰጡት። ጉልበታቸው ጀልባ መውጣት መውረድ ቢያቅተው ጅማ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ሐመልማል ሳሎኑን ዳር እስከ ዳር እየተመላለሰች ደወለችላቸው።

«እትዬ፣ ቤትዎ ገዢ እያባረረ ነው። እባክዎ ላጥበው ይፍቀዱልኝ።»

«ምን አደረገ?»

ድልድዩን፣ አግዳሚውን፣ ንፍሮውን ነገረቻቸው።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ አስካለ። «ባለቤቴ ሲሞት እኔም ልጄም ከየክፍላችን አንወጣም አልን። ሆድ ይፍጀው ብለን ነው። ታዲያ ቤቱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሁለቱም ጎን ጎረቤት ድረስ ድልድይ ዘረጋ፤ አንዱን ለኔ፣ አንዱን ለልጄ። ሰዉ ገባልን። ባይገባልን ኖሮ ዛሬ ያንቺን ስልክ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ‹እዚህ ቤት ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይቀር› ብዬ አዘዝኩት።»

«አሁን እኮ ሐዘንተኛ የለም! የሚመጡት ሙሽሮች ናቸው።»

«ሰው ካላዘነ ድልድይ አያወጣም፣ ልጄ። ማጠቡን ትተሽ መጀመሪያ ማን እንደከፋው ጠይቂ።»

«እሺ እትዬ» አለችና ዘጋችው። «ጉድ እኮ ነው» ብላም አጉረመረመች። ሳህኑን ኩሽና ወሽቃ ወደ በረንዳው ሮጠች፤ ገዢዎቹ ደርሰዋል።

ባልየው አቶ ፍሬው ዝምተኛ፣ ሚስትየዋ ሩሐማ ፈጣንና ቆፍጣና ናቸው። ሩሐማ ገና ከጀልባው ሳትወርድ የማትፈልገውን መደርደር ጀመረች።

«ደጃፌ ድረስ የሚመጣ ጎረቤት አልፈልግም። መተያየት አልፈልግም። ከመኝታ ቤቱ ጎን ያለችው ትንሿ ክፍል ደግሞ ትደፈንልኝ።»

«ለልጅ ትሆናለች ብዬ ነበር...»

«ትደፈን አልኩ እኮ፣ እህቴ።»

«በደስታ» አለች ሐመልማል። ገዢ ለምን ጠላህ አይባልም። «ይግቡ፣ ጀልባውን አስሬ እመጣለሁ።»

ገመዱ ተወሳሰበባት። ቀና ስትል የሙዚቃ ድምፅ ሰማች። በመስኮቱ ስታይ ዓይኗን ማመን አቃታት፤ ሶፋው ወጥቷል፣ ብርሃኑ እንደ ማር ፈስሷል፣ ድልድዩ ተጠቅልሎ ገብቷል። አንድ አግዳሚ ብቻ ግማሽ አካሉ ከግድግዳው ወጥቶ ቀርቷል፤ አቶ ፍሬው በእግሩ ገፋ አደረገው፣ አልገባም።

«ተመስገን!» ብላ ተንደርድራ ገባች።

አንድ እግሯ የበሩን መድረክ ሲያልፍ ብርሃኑ ደበዘዘ።

ወደ ኋላ ተመለሰች። ብርሃኑ መጣ። እግሯን አስገባች፤ ሙዚቃው ቆመ። አወጣች፤ ቀጠለ። ሌላ ሰው ቢያያት አብዳለች ይል ነበር። ከዚያ እግሯን ባለበት ትታ በረንዳው ላይ ደርቃ ቀረች።

ናሆም ታናሽ ወንድሟ ነበር። ክረምት ላይ አርባ ምንጭ ሞተ፤ ድንገት፣ ተኝቶ ሳይነሳ። ስልኩ ሲደወል ገዢ እያስጎበኘች ነበር፤ ሰማች፣ «እሺ» አለች፣ ከዚያ ለገዢው መስኮቱ እንዴት እንደሚሰፋ ማሳየቷን ቀጠለች። ቀብሩ ላይ ቆመች፤ ሠልስቱን ሳትጠብቅ «ሥራ አለብኝ» ብላ ተመለሰች። እዚህ ሐዋሳ ለማንም አልተናገረችም። ከተናገረች ይመጣሉ፤ ከመጡ ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች ደግሞ ነገሩ እውነት ይሆናል። እና ቤቱ ውስጥ ቆማ በገዛ አፏ ስንት ጊዜ «ማንም አልሞተም» ብላ ነበር!

ከውስጥ የሩሐማ ድምፅ መጣ። «ደስ ይላል! ፍሬው፣ ይሄ እኮ ደስ ይላል! እህቴ፣ ነይ እንፈራረም!»

«እዚሁ በረንዳው ላይ ነፋሻ ነው» አለች ሐመልማል። «እናንተው ብትወጡስ?»

ይህን ያህል ቀላል ነበር። ደጅ ቆማ ማስፈረም፣ ነገ መብረር። እትዬ አስካለም ይደሰታሉ። እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ።

ማዶ ጋሽ ላሚሶ በረንዳቸው ላይ ቆመዋል። ድልድዩ ደጋግሞ ሲወጣና ሲገባ አይተው ወጥተው መሆን አለበት። አንድ እጃቸው በምርኩዛቸው ላይ ነው፤ ሌላው ደግሞ አዲስ ሳህን ይዟል። አልጠሯትም። ድልድዩ ይዘረጋ እንደሆነ ብቻ ይጠብቃሉ። ለማያውቁት ሙት፣ ለማያውቋት ልጅ፣ እየዋሸቻቸው እየመለሰቻቸው፣ ንፍሮ ቀቅለው ቆመዋል።

ሐመልማል እጇን ከቦርሳዋ አወጣች። «እንኳን ዳሎል ሰማይ ብወጣስ ከእኔ ወዴት አመልጣለሁ?» አለች፤ መድረኩንም ተሻግራ ገባች።

ሙዚቃው ጠፋ። ሶፋው ሰጠመ። ሩሐማ «እንዴ! ምንድን ነው ይሄ?» ብላ ከተቀመጠችበት ዘለለች። አግዳሚዎቹ ወጡ፣ ግድግዳው ተከፈተ። ሐመልማል ያገኘችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ላሚሶ ድልድዩን አቋርጠው ገቡና ጎኗ አረፍ አሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ማን ሞተ?»

«ወንድሜ» አለች። «ናሆም፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ያልወጣው ልቅሶ ወጣ። ሽማግሌው ጀርባዋን እየደባበሱ «አልቅሺ፣ አልቅሺ» ይሏታል።

አቶ ፍሬው ቦርሳውን አንስቶ ወደ በሩ ሄዶ ነበር። ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ መውጣት እንዴት ይሆናል? ቆም አለ። ሩሐማ ቀድማው ዳር ካለችው ግማሽ አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች፤ አግዳሚውም ያኔ ሙሉ ለሙሉ ወጣ። ጋሽ ላሚሶ ሳህኑን ሲያቀርቡላት ከንፍሮው ቆነጠረች።

«ነፍስ ይማር» አለች ሐመልማልን እያየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቤቱን ግን አልገዛውም፣ እህቴ። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም» አለች ሐመልማል ዓይኗን እየጠረገች። «እንከኑ ምንድን ነው?»

«ያውቅብኛላ! ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው ቤት የምቀይረው። ይሄ ግን...»

አቶ ፍሬው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ። ሐመልማል ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን የሰማችው አሁን ነው።

«ልጅ ነበረችን» አለ።

ሐመልማል ትደፈን የተባለችውን ክፍል አሰበች። ከዚያም ምክንያቱን ሳትጠይቅ የደፈነቻቸውን ክፍሎች፣ ያዞረቻቸውን በሮች፣ ያጠፋቻቸውን መስኮቶች ሁሉ አሰበች። ጆሮዋ ውስጥ አለቃዋ «ተሸጠ ወይ?» ይላል። አልመለሰችለትም።

በምዕራቡ በኩል ግድግዳው እንደ ሊጥ ሳሳና ተከፈተ፤ ሁለተኛ ድልድይም በውሃው ላይ እየተሳበ ወደ ሌላው ጎረቤት ማደግ ጀመረ። ሩሐማ ዞር ብላ አየችው። ዝጉልኝ አላለችም።