ባዶ የተውኳቸው ሰባት ቀናት

ባዶ በቁጥር እንዴት ይጻፋል?

ያኔ ቢጠይቁኝ አላውቅም ነበር።

ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም... እኔም እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ምራቄን መዋጥ ያቅተኛል።

ግንቦት 1958 ዓ.ም.። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሐረር፣ ሐኪም ጋራ፣ ግቢያችን ውስጥ።

ባሌ ሳህሉ የዝናብ መለኪያ ጠባቂ ነበር። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጣሳው ውስጥ ያደረውን ውሃ በመስታወት ይለካና ቅጽ ላይ ይጽፋል። ሚያዝያን ሙሉ ኤረር ወርዶ የያዘው ወባ ስለጣለው እኔ ጻፍኩለት። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል የለየሁት በዚያው ዓመት ነው። ቁጥር ያስተማሩን ቄስ በግዕዝ ነበር፤ ፩፣ ፪፣ ፫... ግዕዝ ደግሞ ዜሮ የለውም።

ስለዚህ ያልዘነበባቸውን ሰባት ቀናት ባዶ ተውኳቸው።

ቅጹን የሚሰበስቡት አቶ እንደሻው በግንቦት መጀመሪያ ግልባጩን ይዘው መጡ። በባዶዎቹ ቦታ ቀይ ቁጥር ተጽፏል።

«ብርነሽ፣ የጎደለሽን ሞላሁልሽ።»

«ከምን?»

«ከጎረቤት። ከዓለማያ፣ ከባቢሌ፣ ከጉርሱም። የመላ ሐረርጌን የየቀን ዝናብ በአንድ ሂሳብ ነው የምንሠራው። የአንዱ ከጠፋ ጎረቤቶቹ ያዋጡለታል። የቀረበ ብዙ ይሰጣል፣ የራቀ ጥቂት።»

«ኧረ አልጠፋም፤ አልዘነበም!»

ሳቁብኝ። «ታዲያ ዜሮ አትጽፊም? አይ አንቺ... ፊደል ቆጥረሽ ቁጥር ሳትቆጥሪ ቀረሽ! አሁንማ አዲስ አበባ ተልኳል።»

የመጀመሪያው ቀይ ቁጥር አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ነበር።

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሏል። አቧራው እንኳ አልረጠበም።

ጣሳውን ሳነሳው ግን ከበደኝ።

ወደ መስታወቱ ቀዳሁት... ልክ አሥራ ሁለት።

ውሃ አልነበረም። ለብ ያለ፣ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር ነው። ሽታው ጉድጓድ ውስጥ የተረሳ እርጥብ ቆዳ። ጣቴን ነካኝ... ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለ። እዚያው አስመለሰኝ።

ጎረቤቴ አዴ ዘሀራ ከአጥሩ ማዶ አፍንጫቸውን ያዙ።

«አዑዙ ቢላህ! ይሄ ምራቅ ነው። የታኘከ ነገር ነው የተተፋው።»

«ማን ይተፋዋል፣ አዴ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ድፊው! ልጅሽ እንዳታየው!»

ሁለተኛው ቀን፣ ቀዩ ቁጥር ዘጠኝ። መስታወቱም ዘጠኝ።

ውስጡ ጸጉር ነበር። እንደተጎነጎነ...

ሦስተኛው ቀን፣ አራት። ከሥሩ ትንሽ ነጭ ነገር ቃ አለ።

ጥርስ።

ሰገነት፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ፣ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ... ማታ አፌን የነካኝ ማነው?»

አፏን ከፈትኩት። የፊት ጥርሷ የለም። ትንፋሿ ያው ሽታ ነው። ከጆሮዋ ኋላ አንድ ሹሩባ ጎድሏል።

ያኔ አልጋዋን አየሁ። መስኮቱ ሥር ነው። ከመስኮቱ ማዶ ጣሳው አለ።

የቀረበ ብዙ ይሰጣል።

ሳህሉን ቀሰቀስኩት። «ተነስ! ፈረስ መጋላ እህቴ ዘንድ እንሂድ።»

«ገና አራት ቀን ይቀራል» አለ በሹክሹክታ። «ሁላችን ከሄድን የግንቦትም ቅጽ ባዶ ይሆናል። ባዶ ከሆነ... ይሞሉታል።»

«እና አንተስ?»

«ዜሮ መጻፍ እኔ አውቃለሁ። አልጋዬን ወደ መስኮቱ ግፊልኝ።»

ገፋሁለት። ሰገነትን ይዤ እህቴ ዘንድ ሄድኩ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ብቻዬን ተመለስኩ። አልጋው ላይ ማንም የለም። አንሶላው ግን እርጥብ ነው... ለብ ያለ።

ቅጹ ላይ በሳህሉ እጅ ጽሑፍ፦ 0፣ 0፣ 0፣ 0። የመጨረሻው ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ጣሳው እስከ አፉ ሞልቷል። ላዩ ላይ ያለው አረፋ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል... ከፍ ይላል...

እኔና ሰገነት ተረፍን። ሳህሉ ቀረ።