የጆሮ ድርሻ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጡት ታክሲዎች ሹፌር ካጡ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሰውም ለምዶታል። ገብቶ ይቀመጣል፣ የሚወርድበትን ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ጣሪያው ላይ ያለው ዓይን እንደሚያየው ትዝ አይለውም። ዓይኑ ያየውን ሌላ ሰው እንዳያይ ደግሞ መጋረጃ አለው። መጋረጃ ሲባል ጨርቅ አይደለም፤ ተሳፋሪውን ጥላ አድርጎ የሚያሳይ ብልሃት ነው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አጠገብ ባለው የታክሲ ጥበቃ ቤት የምትሠራው ይመኙሻል አሊ ቀኑን ሙሉ የምታየው ጥላ ነው። ጥላ ሲያዛጋ፣ ጥላ ከጥላ ሲጣላ፣ ጥላ አፍንጫውን ሲጎረጉር።

ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። የሰው ነገር ማወቅ ነፍሷ ነው። ግን መጋረጃው የሚገለጠው ታክሲው ራሱ አደጋ አለ ብሎ ሲጠራት ብቻ ነው፤ እሷ በራሷ ብትገልጠው በዚያው ቀን ትባረራለች። ስለዚህ ከጥላ ትገምታለች። እነዚህ ታርቀዋል፤ ያቺ ነፍሰ ጡር ናት፤ ያ ሰውዬ ሚስቱን ፈርቷል። ብዙ ጊዜ ትክክል ናት። በተሳሳተች ቀን ጥፋቱ የጥላው ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ሰባ ሦስት ጠራት።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ጠለፋ ሳይሆን አይቀርም።»

«ማን ማንን?»

«ሁለት አዛውንቶች አንዲት ሴት። ስልኳን ተቀብለው ደብቀውባታል። ለምን እንደሚወስዷት ሲነግሯት ልባቸው እንደ ዋሾ ልብ ይመታል። ዜና እንዳላሰማም አዘውኛል። መጋረጃውን ገልጬዋለሁ።»

ይመኙሻል ወንበሯን አስጠጋች። መሐል ላይ አርባ ዓመት ግድም የሆናት ሴት ተቀምጣለች። አንጓች ትባላለች አለ ታክሲው፤ ያን ቀን ጠዋት ከምሕዋር ጣቢያ፣ ሰማይ ላይ ምድርን ከሚዞረው የብረት ቤት ነው የወረደችው። እግሯ ገና መሬት አልለመደም። በቀኟ አጎቷ ጋሼ መኩሪያ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። በግራዋ ሚስታቸው እትዬ ጠጄ እጇን ይዛ በመስኮት ታያለች።

«ቦርሳ የሚሸከም ጠላፊ አላየሁም» አለች ይመኙሻል። «ቀድሞ ምን ተባብለዋል?»

«ሊቀበሏት ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱም የጫንኳቸው እኔ ነኝ። ይስሙት።»

መጀመሪያ የጋሼ መኩሪያ ድምፅ መጣ።

«አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሐኪም ቤት ናቸው፣ ዛሬ እኛ ቤት እደሪ በያት፤ በቃ።»

«አንተ ራስህን ቻል። አፍህ ወንፊት ነው።»

«የደምሴን ሞት የምትሰማው ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ባለበት። ስልኳን አንቺ ተቀበያት።»

ደምሴ ታናሽ ወንድሟ ነው አለ ታክሲው።

ይመኙሻል ወዲያው ገባት። «ይሄ ጠለፋ አይደለም። መርዶ ነው።»

«መርዶ ሞትን መንገር ነው። እነሱ ግን እየነገሯት አይደለም።»

«የሚነገረው በሰዓቱ ነው፣ አንተ ቆርቆሮ።»

«ያም ቢሆን የጆሮ ድርሻ አላት።»

የጆሮ ድርሻ ሕግ ነው። ታክሲ ውስጥ ስለ አንድ ሰው የተባለ ነገር፣ ያ ሰው እዚያው ታክሲ ላይ ሲሳፈር ይነገረዋል። ድሮ ታክሲዎቹ የሰሙትን ለነጋዴ ሲቸረችሩ ተያዙና ሕዝቡ ተቆጣ፤ ሸንጎውም ስለ ሰው የተባለው የዚያው ሰው ሀብት ነው ብሎ ደነገገ። ደግ ሕግ ነው። ያወጡት ሰዎች ግን ዘመድ ሞቶባቸው የሚያውቅ አይመስልም። ሕጉን የሚያውቅ ሰው አምቶ በወረደበት ታክሲ አይመለስም፤ ጋሼ መኩሪያን ግን ሐዘኑ አስረስቷቸው፣ ልጅቷ በእግሯ እንዳትደክም ብለው ያንኑ መኪና አስጠበቁት።

«ሐረጎ ዳገት አናት ላይ እቆማለሁ» አለ ታክሲው። «በሩን ቆልፌ የደበቋትን ሁሉ እነግራታለሁ። ለተጠለፈ ሰው ደንቡ ይህ ነው። አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።»

«እኔ አትናገር ብልህስ?»

«መብቱ የእርስዎ አይደለም። እምቢ ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ በገዛ አፏ።»

ይመኙሻል ግንባሯን ያዘች። የሞተብሽን ልንገርሽ ወይስ ልተወው ተብሎ ሰው ይጠየቃል? ጥያቄው ራሱ መርዶ ነው። የእሷ ባል የሞተ ጊዜ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው ገብተው የነገሯት፤ ስትወድቅ የያዟት እጆች እስከ ዛሬ ክንዷ ላይ ይሰሟታል። ይቺ ደግሞ ከመኪና ጣሪያ ልትሰማ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ በር ተቆልፎባት።

«ስትቆም በሩን እንዳትቆልፍ። እኔ ራሴ አናግራታለሁ። ባልና ሚስቱን፣ ሞተር ይቀዝቅዝ ብለህ አውርዳቸው።»

«ሞተሬ አልሞቀም። መዋሸት አልችልም።»

«እንግዲያው ዕረፍት በላቸው። ዕረፍት ውሸት አይደለም።»

ሐረጎ ላይ ቆመ። ባልና ሚስቱ ወርደው ራቅ አሉና ጀርባቸውን ሰጥተው መንሾካሾክ ጀመሩ። ይመኙሻል በወንበሩ ራስጌ በኩል፣ ከአንጓች በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገረች።

«ልጄ፣ የታክሲ ጥበቃ ነኝ፤ አትደንግጪ። ይሄ መኪና የጆሮ ድርሻሽን ይዟል። አሁን ይንገርሽ ወይስ ይተወው?»

አንጓች በመስኮቱ ሁለቱን አዛውንቶች አየች።

«ጋሼ መኩሪያ በዕድሜያቸው የሰው ዕቃ ተሸክመው አያውቁም» አለች። «እትዬ ጠጄ ደግሞ ስታገኘኝ ከስተሽ አጥንት ሆንሽ ብላ አልሰደበችኝም። አቀፈችኝ።»

ይመኙሻልን በግምት የቀደማት ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

«ሰው እንደሞተብኝ አውቄያለሁ፣ እትዬ። አባባ ይሁን ደምሴ ይሁን ነው ያላወቅኩት።»

«መልሱ አለኝ» አለ ታክሲው። «አንዲት ቃል ናት።»

«ዝም በል» አሉት ሁለቱ ሴቶች እኩል።

«ነገ ጠዋት ይነግሩኛል» አለች አንጓች። «ለፍተውበታል፤ አላበላሽባቸውም። እኔም ብሆን አሁን አንዱን ከምቀብር ለዛሬ ሌሊት ሁለቱም ይኑሩልኝ።»

«በገዛ ፈቃድዎ ነው?» አለ ታክሲው።

«በገዛ ፈቃዴ ነው።»

ባልና ሚስቱ ተመልሰው ገቡ። ታክሲው ተነሣ። አንጓች ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብሰብ አደረገችና ወደ አጎቷ ዞረች።

«ጋሼ፣ ደምሴ አሁንም ጠጉሩን እንደ ኮረዳ ያሳድጋል?»

ጋሼ መኩሪያ ቦርሳውን ጠበቅ አደረጉት። «ያሳድጋል። ምን ምክር ይሰማል እሱ።»

«አባባስ? ምግብ ይበላሉ?»

«አልጣፈጠኝም እያሉ እኔን ይሰድባሉ» አለች እትዬ ጠጄ። «አንቺም እኮ ከስተሻል፤ የቆመ እንጨት።»

ሦስቱም ሳቁ። ይመኙሻል እስከ ደሴ ብታያቸው ደስ ባላት። «መጋረጃውን መልሰው» አለች፤ ሦስት ጥላ ብቻ ቀረ።

«እትዬ ይመኙሻል» አለ ታክሲው፣ «ቅድም ሁለት ነበሩ፤ አሁን የሦስቱም ልብ እንደ ዋሾ ይመታል። ምን ብዬ ልመዝግብ?»

«አደጋ የለም በል።»

«ማን ማንን እንደሚያታልል ግን ልለይ አልቻልኩም።»

የመሐሉ ጥላ ራሱን በግራው ጥላ ትከሻ ላይ አስደግፏል።

«እኔም አልለየሁም» አለች ይመኙሻል። «አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ።»