ቀይ ኤክስ ከዳቡስ ማዶ

የመሬት መንቀጥቀጥ የነካውን ሕንጻ ለመመርመር ባሕር ማዶ የሚሻገሩ በጎ ፈቃደኛ መሐንዲሶች አሉ፤ በአውሮፕላን ይሄዳሉ ይባላል። ለሎዛና ለማህጁብ የደረሳቸው ወንዝ ማዶ ነው። መንቀጥቀጡ ከዳቡስ ማዶ ያለውን ትምህርት ቤት ሰንጥቆታል፤ ሰኞ ደግሞ ልጆች ሊገቡበት ነው። ከአሶሳ ሲወጡ መኪና ነበራቸው። ባምባሲን እንዳለፉ ጭቃው መኪናዋን እስከ በሯ ዋጣት፤ ገመዱን፣ መዶሻውንና የቀለም ጣሳውን ተሸክመው በእግር ቀጠሉ።

ዝናቡ የቀርከሃውን ጫካ እየገረፈ ያጎነብሰዋል። ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ጥይት ይመስላል፤ በዚህ አገር ጥይትም ቀርከሃ ሊመስል ስለሚችል በተሰማ ቁጥር ሁለቱም መሬት ላይ ይዘረጋሉ።

«ቀርከሃ ነው» አለ ማህጁብ፣ ሆዱ ጭቃ ላይ እንዳለ።

«ታዲያ ለምን ተኛህ?»

«አንቺን ብዬ ነዋ።»

ማህጁብ የአሶሳ ልጅ ነው። ሎዛ ፓዌ የተወለደች የሰፋሪ ልጅ ናት፤ «ተመለሺ» ሲሏት የጫማዋን ክር የምታጠብቅ ዓይነት።

ዳቡስ ደፍርሶ ሞልቷል። ባለታንኳው ታንኳውን ገልብጦ ተቀምጦበታል።

«አምባው ማንንም እንዳታሻግር ብሎኛል» አላቸው።

አምባው ትምህርት ቤቱን የሠራው ተቋራጭ ነው። ግድግዳው ከተሰነጠቀ ወዲህ ጎብኚ አይወድም።

ሎዛ የጫማዋን ክር አጠበቀች። ከዚያ ቀርከሃ ቆራርጠው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ውሃው ላይ ጣሉትና ወጡበት። እመሀል ሲደርሱ ወንዙ አበጠ፤ ጉማሬ ብቅ ብሎ አፉን ከፈተ።

«አትንቀሳቀሺ!»

«ወንዙ ነው የሚያንቀሳቅሰኝ!»

ጉማሬው የቀርከሃውን የኋላ ጫፍ እንደ ሸንኮራ ቀነጠሰው። ማህጁብ ከነቦርሳው ውሃ ውስጥ ገባ። ሎዛ አንገትጌውን ጨብጣ ጎተተች፣ በሌላው እጇ ቀዘፈች፣ ተሳደበች። በመጨረሻ ወንዙ የሰለቸው ይመስል ማዶ ላይ ተፋቸው።

ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሎዛ የተሰነጠቀውን ምሰሶ በመዶሻ መታች። ልስኑ ረገፈ። ፌሮ መኖር በነበረበት ቦታ ቀርከሃ ቆሟል።

«ቢያንስ የአገር ምርት ነው» አለ ማህጁብ።

ሎዛ ሳትስቅ በበሩ አጠገብ ትልቅ ቀይ ኤክስ ቀባች። «አትግቡ» ማለት ነው።

በመመሪያው ላይ ማለት ነው። በዚያ መንደር ግን ቀይ ኤክስ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፦ ቤትህ ሊፈርስ ነው፣ አንተም የልማት ተነሺ ነህ። አምባው ይህን ያውቃል። ቀለሙ ሳይደርቅ በፒክአፑ ደረሰ፤ ላዩ ላይ ወጥቶም ጮኸ፦

«መሬታችሁን ሊወስዱ ነው! ግቡና ተቀመጡበት! ሰው ያለበት ቤት አይፈርስም!»

መንደሩ ልጁን አዝሎ፣ ምንጣፉን ተሸክሞ ገባ። ትምህርት ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም።

ማህጁብ በበርታኛ ለመነ፣ በአላህ ስም አስማለ። የመንደሩ ትልቅ ሴት ብኸይታ መሀል ላይ ተቀምጠው መልሱን ለሎዛ በአማርኛ ሰጡ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

«አንተ ልጅ፣ ቀለም ቀባህ። እኛ አንወጣም። ኸላስ።»

መሬቱ ከሥር አጉረመረመ። ከጣሪያው አቧራ ወረደ። ሎዛ ስለ ጭነትና ስለ ስንጥቅ ማስረዳቱን ተወችው። ከዚያ የራሷን ኤክስ አልፋ ገባችና ብኸይታ አጠገብ ቁጭ አለች።

«አብደሻል እንዴ?» አለ ማህጁብ።

«አቶ አምባው!» ብላ ተጣራች። «ሕንጻው ጤነኛ ነው አይደል? ይግቡ እንጂ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ!»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። አምባው እስከ ደፉ መጣ። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ።

«ጫማዬ ጭቃ ነው» አለ።

«ግቢ!» አሉት ብኸይታ።

የሰዋስው ስህተት ይሁን ስድብ ማንም አልጠየቀም። አምባው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ያ እርምጃ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ብኸይታ ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ቆሙ፣ በበርታኛ አንድ ቃል ጮኹ፣ ሕዝቡም በበርና በመስኮት ፈሰሰ። ሎዛ ሕፃናቱን በመስኮት ለማህጁብ አቀበለች። የመጨረሻዋን ልጅ አቅፋ ስትዘል መሬቱ ተናጠ፤ ጣሪያው ተንበረከከ፤ ትምህርት ቤቱ በአቧራ ውስጥ ቁጭ አለ።

ሎዛ ልጅቱን ለእናቷ አስረክባ ወደ ብኸይታ ዞረች።

«እማማ፣ ቀለሙን ሳልከፍት መጠየቅ ነበረብኝ» አለች።

«አብረህ ተቀመጥህ» አሉ ብኸይታ። «በቃ።»

አምባው ከፒክአፑ ጀርባ ድምፁን አገኘ። «ግንቡ ምንም አላደረገም!» ሲል ጮኸ። «መሬቱ ነው የተነሳው!»

ብኸይታ አቧራውን ከሻሻቸው ላይ አራገፉ።

«መሬት ይነሳ» አሉት። «እኛ አንነሳም።»