የሐጂ ዐብዱልከሪም አምባር

ፈህሚያ ከቀብሩ ወዲህ ተዘግቶ የሰነበተውን ስልክ የከፈተችው ፎቶዎቿን ለማጥፋት ነበር። ዶክተሩ ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል። ስክሪኑ እንደበራ ቀይዋ የልብ ምልክት መምታት ጀመረች። ከላይ የወንድ አያቷ ስም አለ፤ ሐጂ ዐብዱልከሪም። ሐጂን የቀበሯቸው ባለፈው ሳምንት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምረው ዶክተር ዳኛው፣ ለምርምሩ ብሎ እጃቸው ላይ ጥቁር አምባር አስሮላቸው፣ ይኼንንም ስልክ ሰጥቷቸው ነበር። አምባሩ የልብ ምት ይለካና ያለ ሽቦ ወደ ስልኩ ይልካል፤ ፈህሚያ «ላክ» የሚለውን ስትጫን ደግሞ ወደ ዶክተሩ ይሄዳል። ውጭ አገር ተምሮ ቢመጣም በሥራው የሚመካ አይመስልም። አምባሩን እያሰረ እንኳ፣ «ይኼ ዕቃ ልብ መምታቱን እንጂ የማን ልብ እንደሆነ አያውቅም» ብሏት ነበር።

አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ነግሯታል፤ አምባሩ ከስልኩ ከራቀ አይነበብም። እንግዲህ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።

ስልኩን ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ ቀይዋ ልብ ደበዘዘች፤ ወደ ጓዳው ስትጠጋ ደመቀች። የሐጂ ምት ዝግ ያለ፣ የተስተካከለ ነበር። ይኼኛው ይመታል፣ ይቆማል፣ ከዚያ እንደተባረረ ሰው ይሮጣል።

ጓዳው ውስጥ ሴት አያቷ ዙበይዳ ዒዳ ተቀምጠዋል። ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜዋ እስኪሞላ ጌጥ አታደርግም፤ ቀለበታቸውን ሳይቀር አውልቀዋል። ፈህሚያ እጅጌያቸውን ገለጥ አደረገች። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«ለቀብር ሲያጥቡት ፈትተው ሰጡኝ» አሉ ዙበይዳ በሹክሹክታ። «መብራቷ ስትበራ እሱ ያለ ይመስለኛል። እየመታ አይደል?»

«እማማ፣ ይኼ እኮ የእርስዎ ልብ ነው። ደግሞ ደህና አይመታም።»

ዙበይዳ የሰሙ አልመሰሉም። «በዒዳዋ አምባር አሰረች ሲሉኝ ልስማ? ዶክተሩን ጠፋ በይው፣ ልጄ።»

የግቢው በር ተንኳኳ። ስልኩ ላይ ቀይዋ ልብ ቀጥ አለች። ከዚያ እንደገና ሩጫዋን ቀጠለች።

እጅጌውን አምባሩ ላይ መልሳ አለበሰችላቸውና ወጣች። ዶክተር ዳኛው ሐዘኑን ተናግሮ፣ እንደማፈር እያለ አምባሩን ጠየቃት።

ፈህሚያ ስልኩን ሳትዘጋ ሰጠችው።

«አልጠፋም» አለች። «የማን ልብ እንደሆነ ልንገርዎት።»