ሦስት አፍ፣ አንድ ምስክር

ዶክተር ዓድናን ጃብሪያ በተባለው ሰፈር በሚገኘው ቪላቸው፣ በጥናት ክፍላቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ፊት ለፊታቸው ግማሹ የተጠጣ ሻይ ነበር፤ ሻዩ ውስጥ ደግሞ ዝሆን የሚጥል የራሳቸው የልብ መድኃኒት ተፈጭቶ ገብቶበታል።

በማግስቱ ሻምበል ሙሳዒድ ዘመናይን አስጠራት። የቤቱ ሠራተኛ ረሺዳ ዐረብኛ እምብዛም አትችልም፤ ዘመናይ ደግሞ የአገሯ ልጅና የሟቹ የሥራ ባልደረባ፣ ከቤተሰቦች የሚሰበሰብ መረጃ የምትተነትን የስታትስቲክስ ሊቅ ናት። ራሷ እንደምትለው ከሆነ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ እሷ ያላሰላችው ባልና ሚስት የለም። ቁጥር ራሱ እሷን ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳል!

«ነገሩ ያለቀ ነው፣ ዶክቶራ» አላት ሻምበሉ። «ሚስትና ሁለት ልጆች፣ ሦስት ምስክር በአንዲት ሠራተኛ ላይ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ እስር ቤት አስገባታለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቃት ገመድ ነው። አንቺ ቃሏን ብቻ ተርጉሚልኝ።»

«እኔን ለትርጉም? አንበሳ ጠርተህ አይጥ ልታስይዝ ነው!»

ረሺዳ ወጥ ቤት ጥግ እጇ በካቴና ታስሮ ተቀምጣለች። ዘመናይ ውሃ አቀረበችላት።

«ጠጪ እህቴ፣ ከንፈርሽ ደርቋል።»

«ጾመኛ ነኝ እትዬ። ካለፈው ረመዳን በወር አበባዬ የቀረብኝን ቀዷ ከሰኞ ጀምሬ እየጾምኩ ነው።»

«ማን ያውቃል?»

«ማዳም ብቻ። እንዲህ ያለው ለወንድ ይወራል እንዴ? ልጃቸው ዳላልማ ከስልኳ ቀና ብላም አታየኝ።»

«ሻዩንስ?»

«ትናንት ከቀትር በኋላ አፈላሁ። ወንዱ ልጃቸው ፈዋዝ ‹እኔ ላስገባለት› ብሎ ከእጄ ተቀበለኝ። ወላሂ ባባ ዶክተር ክፍል አልገባሁም!»

ዘመናይ ሦስቱን ለየብቻ አስገብታ መጠየቅ ጀመረች። መጀመሪያ ተራ ወሬ ጠየቀቻቸው፤ ዶክተሩ ትናንት እንዴት ዋሉ?

«ደክሞት ነበር» አለች ሚስታቸው ማዳም ሙኒራ።

«ቱግ ቱግ ሲል ነው የዋለው» አለ ወንዱ ልጅ ፈዋዝ።

«ኧረ ሲያሾፍብኝ ነበር!» አለች ዳላል፣ ሴቷ ልጅ። «ከዚያ ፎቅ ወጥቼ ዘፈን ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ጩኸት እስክሰማ አልወረድኩም።»

ቀጥሎ ስለ ሻዩ ጠየቀቻቸው። ሦስቱም ቃል ሳያዛንፉ መለሱ፦ «ረሺዳ አፈላች፤ እንደ ልማዷ ስኳሩን በማንኪያ ቀመሰች፤ ራሷ ይዛ ገባች።»

ዘመናይ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ደጅ የፖሊሱ መኪና ሞተር ተነስቷል።

«ሁሉንም ዲዋኒያው ውስጥ ሰብስብልኝ» አለች።

ሁሉም እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ረሺዳ በር ላይ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማለች።

«የዶክተሩና የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ሻምበል?» አለች ዘመናይ። «አንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች መልሳቸው ይመሳሰላል፤ አንድ አየር ነው የሚተነፍሱት። ስለዚህ ሦስት ሰው ሲናገር ሦስት ምስክር ብለን አንቆጥርም። ከቤቱ የመጣውን ከየሰውየው ዓይን ከመጣው እንለያለን። ስለ አባታቸው ስጠይቅ እያንዳንዱ የየራሱን ነገረኝ፤ ጤነኛ ቤተሰብ እንዲህ ነው። ስለ ሻዩ ግን ልዩነት የለም፤ ዜሮ! ይህ ከአንድ አፍ የወጣ ነው።»

«ስላዩ ነዋ የተስማሙት!» አለ ፈዋዝ።

«ዳላል ፎቅ ላይ ነበረች፤ ምን አየች? ታሪኩን የፈጠረችው እሷ ብትሆን ደግሞ ወጥ ቤት ሆኜ አየሁ ትል ነበር። ረሺዳ ስኳር በማንኪያ ቀመሰች አላችሁ። ጾመኛ ናት! ከሰኞ ጀምሮ ቀን ቀን በአፏ የዞረ ነገር የለም። ማዳም፣ ይህን ታውቂያለሽ። አንቺ ፈጥረሽው ቢሆን መቅመሷን አታስገቢበትም ነበር። ውሸት መሆኑን እያወቅሽ የሌላ ሰው ቃል ደገምሽ። እናት እንዲህ የምታደርገው ለማን ነው? የቀረው ጾሙን የማያውቀው፣ ሻዩን ከረሺዳ እጅ የተቀበለው ነው።»

ማዳም ሙኒራ ወደ ልጇ ዞረች።

«‹ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ በከንቱ ይጠረጥሩኛል› አልከኝ። አመንኩህ። ፋርዋኒያ ሰፈር በመኪና ሰው ገጭተህ መሸሽህን አባትህ ሰምቶ ነበር አይደል? ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ዘንድ ሊወስድህ ነበር… ፈዋዝ፣ አባትህን?»

«ልመናዬን አልሰማ አለኝ፣ እማ» አለ ፈዋዝ ድምፁ ተሰብሮ። «እግሩ ላይ ወድቄ ነበር።»

ዳላል ፊቷን ሸፈነች። ሻምበሉ ካቴናውን ከረሺዳ እጅ ፈታና ወደ ፈዋዝ ተራመደ።

ማዳም እያለቀሰች ረሺዳ ዘንድ መጣች። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ ነው። እናት ነኝ።»

ረሺዳ ካቴናው የላጠውን የእጇን አንጓ እያሻሸች ቀና ብላ አየቻት።

«ማዳም» አለች በዚያው በተሰባበረ ዐረብኛዋ፣ «እኔም እናት አለችኝ።»